አያ አዛናው፣ የሎሪ ነጂዎች ዋስ

አዛናው ገብረማርያም፦ የሰው ስም። ከመተማ ማዶ፣ በሱዳን ወሰን ላይ ባለችው በገላባት የሚገኝ፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ጢሙ ነጭ፣ ኩታው ከጢሙ ጥቂት ያነሰ ነጭ የሆነ፣ በሌላ ሰው ጥፋት ለመጠየቅ በገዛ ፈቃዱ የተዘጋጀ ፍጡር። ዕድሜው በራሱ ቃል ስድሳ፣ በሚያውቁት ቃል ሰባ ነው። በበጋ ከሁመር ዛፍ ጥላ ሥር፣ በክረምት ከሐጂ ኸሊል ሱቅ በረንዳ ላይ ይገኛል። የሚኖረው በማሽላ፣ በወሬና በሙግት ነው። መንግሥት አልሾመውም፤ ስለዚህም መንግሥት ሊሽረው አልቻለም፤ በዚህ ምክንያት በዘመኑ ከነበሩት ሹማምንት ሁሉ በሥራው ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቷል። ጥቅሙ፦ ሐበሻ የሆነ ሎሪ ነጂ በሱዳን ምድር ሰው፣ ከብት ወይም አጥር የገጨ እንደ ሆነ «ዋሱ እኔ ነኝ» ይላል። ጉዳቱ፦ ከዚያ በኋላ ዝም አይልም።

በዚህ ፍቺ ውስጥ ሐሰት የለም። ይሁን እንጂ ፈረደ ውባንተ ቢሰማው ፊቱ ይጠቁር ነበር። በአያ አዛናው ላይ እንዲቀልድ ፈረደ ለማንም አይፈቅድም፤ የሚፈቅደው ለራሱ ብቻ ነው። በ፲፱፻፴ ዓ.ም. በየካቲት ወር አንገቱን ያተረፉለት እኒህ ሰው ናቸው፤ አንገት ባተረፈ ሰው ላይ መቀለድ ደግሞ የባለአንገቱ መብት ነው ብሎ ያምናል።

ፈረደ የሳንጃ ተወላጅ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ እጀ ሰፊና አፈ ቁጥብ ሰው ነበር። ጣሊያን ጎንደር በገባ በሦስተኛው ወር ታላቅ ወንድሙ ጠመንጃውን ይዞ አርማጭሆ በረሃ ገባ፤ ፈረደ ጠመንጃ ስላልነበረው ሱዳን ገባ። ገዳሪፍ ላይ ለአንድ ሱዳናዊ ነጂ ጎማ እየነፋ፣ ውሃ እየቀዳ ሎሪ መንዳት ተማረና የሐጂ ኸሊልን ሎሪ ያዘ። ሐጂ ኸሊል በመተማም በገላባትም ሱቅ ያላቸው፣ በሁለት መንግሥት መካከል በሁለት እጃቸው የሚነግዱ የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። ፈረደ ከገላባት ሰሊጥ ጭኖ ወደ ገዳሪፍ ባቡር ጣቢያ ይነዳል፤ ከገዳሪፍ ጨውና አቡጀዲ ጭኖ ይመለሳል። ወሰን የሆነውን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ መተማ ግን አይገባም። መተማ ባለው የጣሊያን ምሽግ ውስጥ የወንድሙ ስም ከነቤተ ዘመዱ የተጻፈበት ደብተር እንዳለ፣ የፈረደም ስም ከወንድሙ ሥር ሁለተኛው መስመር ላይ እንደ ተጻፈ ሁሉም ያውቃል። ለእሱ መተማ መግባት ማለት ገመድ ማለት ነበር።

አያ አዛናው ደግሞ ገላባት የደረሱት በሌላ መንገድ ነው። በወጣትነታቸው የሳንጃ ገዦች ባስቻሉበት ችሎት ሁሉ የሰው ነገር ተቀብለው የሚሟገቱ ነገረ ፈጅ ነበሩ። ራሳቸው በሚያስታውሱት ቁጥር አርባ አንድ ሙግት ረትተው በሁለት ብቻ ተረትተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ የረቷቸው ባለቤታቸው እሜቴ አሰበች ናቸው። ሁለተኛውን ከተረቱ በኋላ ወደ ቆላ ወርደው የመተማ ኬላ ጸሐፊ ሆኑ። ጣሊያን በመጣ ጊዜ አንድ በቅሎ፣ አንድ ኩታና የተለማመደ ጉሮሮ ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። በቅሎዋን «ይግባኝ» ብለው የሰየሟት፣ ወደየትም ቢነዷት ሃምሳ እርምጃ ሄዳ ወደ ተነሣችበት መመለስ ስለምትወድ ነበር።

ገላባት በገቡበት ሰሞን አንድ የሐበሻ ነጂ የሰው ፍየል ገጭቶ አመለጠ። የፍየሏ መንደር ሰዎች እሱን ባያገኙት ከኋላው የመጡትን ስድስት የሐበሻ ሎሪዎች አቁመው ሦስት ቀን አዋሏቸው። አያ አዛናው ይህን ሰምተው ተነሡ፤ በይግባኝ ተቀምጠው መንደሩ ድረስ ሄዱ፤ ከሽማግሎቹ ጋር አንድ ቀን ሙሉ ተነጋግረው «ከዛሬ ጀምሮ የእኛ ነጂ ሲያጠፋ እኔን ያዙ፤ እኔ ከሁመሩ ሥር ነኝ» አሉ። ሽማግሎቹም የገላባቱ ፖሊስ አለቃም በዚህ ተደሰቱ። ሎሪ ይሄዳል፣ ነጂ ይሰወራል፣ ወረቀት ይጠፋል፤ ወሬ የያዘ ሽማግሌ ግን ከጥላው አይነሣም።

ከዚያ ወዲህ ሎሪ ከገላባት ከመውጣቱ በፊት ነጂው በሁመሩ ሥር ያልፋል፤ ቆሞም ሦስቱን ደንቦች እንደ ዳዊት ይደግማል።

«አንደኛ?» ይላሉ አያ አዛናው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«ሰው ወይም ንብረት ከጎዳሁ እቆማለሁ።»

«ሁለተኛ?»

«ከተጎዳው ጋር እቆራኛለሁ።»

«ሦስተኛ?»

«ዳኛ ፊት ሳልቀርብ አላምንም፣ አልክድም፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ‹ዳኛው ይወቀው› እላለሁ።»

«ሂድ። እግዚአብሔር መንገዱን ይጥረግልህ፤ እሱ ካልጠረገው አንተ ቀስ በል።»

ሁለተኛው ደንብ ወጣቶቹን ያስቃቸው ነበር። የከሳሽና የተከሳሽ ኩታ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ እስከ ዳኛ መሄድ በአባቶቻቸው አገር የታወቀ ሥርዓት ቢሆንም፣ በሎሪ ዘመን፣ ያውም በሱዳን ምድር፣ ከባለጀለቢያ ጋር መቋጠር ምን ይባላል? አያ አዛናው ግን መልስ ነበራቸው፦ «በሰው አገር የሚሮጥ ሌባ ነው። ዝም ብሎ የሚቆም ጅል ነው። የተቆራኘ ግን ባለጉዳይ ነው፤ ባለጉዳይን ደግሞ ማንም አይመታውም።»

እንዲህ እያሉ ለስንት ሎሪ ዋስ ሆነው በአንዱም ተሳፍረው አያውቁም። «ዋስ ከዕቃው ራቅ ብሎ ይቆማል» ይላሉ። እውነቱ ግን ይፈሩት ነበር። «በቅሎ ስታጠፋ ቢያንስ ጆሮዋን ትጥላለች፤ ይሄኛው ምኑን ይጥላል?» ብለው ሎሪውን በዱላቸው ጫፍ መታ መታ ያደርጉታል።

በዚያ የካቲት አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ፈረደ ሰሊጥ ጭኖ ዶካ የምትባለውን መንደር እንዳለፈ፣ ከፊቱ የሚሄድ ሌላ ሎሪ ጥቁሩን ዋልካ አቡንኖ መንገዱን ጉም አስመስሎት ነበር። ፈረደ ቀስ አለ። በአቧራው ውስጥ ከዳር የቆመች ግመል በፊተኛው ሎሪ ጩኸት ደንብራ ወደ መንገዱ መካከል ተወረወረች። ፈረደ ፍሬኑን ረገጠ፤ የሎሪው ግንባር ግን የግመሏን ጎን አገኘው። ግመሏ ወደቀች፤ ከላይዋ የነበሩት ሽማግሌም ወደቁ። ፊተኛው ሎሪ አልቆመም።

«ንዳው! ንዳው እንጂ!» አሉ ከሰሊጡ ጆንያ ላይ የተሳፈሩት ሁለት ነጋዴዎች። «መንደሩ ሳይሰማ ንዳው! ምን ታያለህ?»

ፈረደ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ሲያይ ግመሏ አንገቷን ዘርግታ እስትንፋሷን ጨርሳለች፤ ሽማግሌው አንድ ቅልጥማቸው ታጥፎ መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ግመሌን!» አሉ። ስለ እግራቸው ምንም አላሉም።

ፈረደ አጠገባቸው ተንበረከከና የኩታውን ጫፍ ከጀለቢያቸው ጫፍ ጋር ይቋጥር ጀመር። ሽማግሌው ግመላቸውን ለጊዜው ረስተው አፈጠጡበት።

«አንተ ሐበሻ! ምን እያደረግህ ነው?»

«እየተቆራኘሁ ነው፣ አባቴ።»

«ከማን ጋር?»

«ከርስዎ ጋር። ዳኛ ፊት እስክንቀርብ።»

«እግሬ እኮ ተሰብሯል! ወዴት ልሮጥብህ ነው?»

«እርስዎ እንዳይሮጡ አይደለም፣ አባቴ። እኔ እንዳልሮጥ ነው።»

ሽማግሌው ቋጠሮውን አዩ፤ ነጋዴዎቹን አዩ፤ ሞተሩ የጠፋውን ሎሪ አዩ። እጃቸውንም በፈረደ ትከሻ ላይ ጣሉ። ነጋዴዎቹም አፍረው ይሁን ፈርተው ሳይታወቅ ወረዱና ተሸክመው ከነጂው አጠገብ አስቀመጧቸው። የተሰበረውን እግር በሁለት የሰሊጥ ጆንያ መካከል ደገፉት።

ስማቸው ሙሐመድጣሂር ነበር። የሞተችው ግመል ሙባረካ ትባላለች፤ አሥራ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። እስከ ገዳሪፍ ባለው መንገድ ሎሪው በነጠረ ቁጥር ያቃስታሉ፤ ሲቀልላቸው ደግሞ ይናገራሉ።

«ግመሌን ገደልህ።»

«ዳኛው ይወቀው።»

«ዓይኔ እያየ እኮ ነው የገደልህ!»

«ዳኛው ይወቀው፣ አባቴ።»

«ሌላ ቃል አታውቅም?»

ፈረደ ጥቂት አሰበ። ደንቡ ስለ ሌላ ቃል የሚለው ነገር አልነበረም። «ውሃ ልስጥዎ?» አለ።

ጠጡ። ጎድጓዳ ባጋጠመ ጊዜ ፈረደ ሎሪውን እያቆመ፣ እንደ ሕፃን እየደገፋቸው አሳለፋቸው። ስድስተኛው ጎድጓዳ ላይ ሙሐመድጣሂር «ስምህ ማን ነው? ወይስ እሱንም ዳኛው ይወቀው?» አሉ።

«ፈረደ ውባንተ፤ የሳንጃ ሰው።»

«ደግ። ስምህን እንኳ ከዳኛው ቀድሜ አወቅሁ።»

ገዳሪፍ ሆስፒታል ሲደርሱ አስታማሚው መቀስ አምጥቶ ቋጠሮውን ሊቆርጥ ቢል ፈረደ እጁን ያዘው፤ ዳኛ ሳያየው አይቆረጥም አለ። አስታማሚው ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ ቋጠሮውን በእጁ ፈታና «ነጂው በገዛ ፈቃዱ ራሱን ከተጎዳው ጋር አስሮ መጣ» ብሎ በመዝገብ ጻፈ። ፈረደ ይህ ሲጻፍ ደስ አለው፤ ሦስቱም ደንቦች አንድ ሳይጎድሉ ተፈጽመዋል።

የጣጣው ምንጭ ግን ያ ጽሑፍ ነበር። ሰሊጡን ሊሸጡ ቀድመው ገዳሪፍ የገቡት ሐጂ ኸሊል ሎሪያቸውን ካርቱም ካለ አንድ የመድን ቤት ዘንድ አስገብተውት ነበር፤ ሎሪው የሰው ነገር ያበላሸ እንደ ሆነ ካሳውን መድን ቤቱ ይከፍላል። የመድን ቤቱ የገዳሪፍ ወኪል በማግስቱ መጣ። ነጭ ልብስ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ፣ እምቢ ሊል የመጣ ሰው ብቻ ሊሆን በሚችለው መጠን ትሑት ነበር። የፖሊሱን መዝገብ አነበበና የመድኑን ወረቀት በፖሊስ ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ።

«ስድስተኛውን አንቀጽ ይዩልኝ፣ ሐጂ» አለ። «‹ባለመኪናው ወይም ነጂው፣ አደጋ ከደረሰ በኋላ ጥፋቱን ለማንም ያመነ እንደ ሆነ መድኑ ይፈርሳል› ይላል። ነጂዎ ራሱን እንደ እስረኛ አስሮ መጥቷል። በአፉ ያላመነውን በጨርቅ አምኗል። በጣም አዝናለሁ።»

ሐጂ ኸሊል ወደ ፈረደ ዞሩ። «አንተ ሰው! ይህን ሁሉ ዘመን ለዚህ ወረቀት ገንዘቤን የከሰከስሁት አንተ ኩታህን እስክትቋጥር ነው? ቆመህ ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

«ደንቡ ነው፣ ሐጂ።»

«የማን ደንብ?»

«የአያ አዛናው።»

«አያ አዛናው መድን ቤት አላቸው?»

ፖሊሱ ቁጣውን አቋርጦ ነገሩን በአጭሩ አስረዳ። ቅዳሜ ጠዋት የአውራጃው ሙፈቲሽ፣ ማለት እንግሊዛዊው አስተዳዳሪ፣ ችሎት ያስችላል። መድኑ ከፈረሰና የሽማግሌው ካሳ ካልተከፈለ ሎሪው ይያዛል። ነጂው ደግሞ ከፋይ የሌለው የውጭ አገር ሰው ስለሆነ ወደ መጣበት ይመለሳል።

«ወደ መጣበት ማለት የት ነው?» አለ ፈረደ።

«መተማ። ለጣሊያኑ ኬላ በእጅ ያስረክቡሃል።»

ሐጂ ኸሊል የቀረ ቁጣቸውን ዋጡት። ከዚያ ሐጂ ወጡና ወደ ገላባት የሚነሣ አንድ ነጂ ፈልገው «ለአያ አዛናው እንዲህ በላቸው፦ ደንብዎ ሰው ሊሰቅል ነው፤ ይምጡና ያውርዱት» ብለው ላኩት።

በበቅሎ ከገላባት ገዳሪፍ አራት ቀን ነው። ችሎቱ የቀረው ሁለት ቀን ነበር። ሐሙስ ማታ መልእክተኛው ከሁመሩ ሥር ሲደርስ አያ አዛናው መልእክቱን ሰምተው ሎሪውን አዩ፤ በዱላቸውም ጎማውን መታ መታ አደረጉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ «ይግባኝ ካልተሳፈረች አልሳፈርም» አሉ። ነጂው ይህን ሲተርክ እስከ ዕለተ ሞቱ ይምል ነበር፦ ስድስት ሰው ሆነው በቅሎዋን በጣውላ ወደ ሎሪው ላይ አወጧት፤ አያ አዛናው እንዳትደነብር ዓይኗን በጨርቅ ሸፈኑላት፤ ቀጥለውም በኩታቸው የራሳቸውን ሸፈኑ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፈረደ ከፖሊስ ጣቢያው በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ያን ሎሪ ሲገባ አየ። ከላይ አንዲት በቅሎና አንድ ሽማግሌ፣ ሁለቱም ዓይናቸው ታስሮ፣ ሁለቱም ጆሯቸውን አቁመው ቆመዋል። ፈረደ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሲስቅም እንባው ወረደ።

«አያ፣ እንደምን መጡ?»

«አልመጣሁም፤ አመጡኝ።» ኩታቸውን ከዓይናቸው ገለጥ አደረጉ። «ደርሰናል? ቆሟል? በደንብ ቆሟል?»

«ቆሟል፣ አያ።»

ወረዱ። የፈረደንም ክንድ ያዙ፤ የያዙት ግን ለመደገፍ ሳይሆን ለመጠየቅ እንደ ሆነ አስመሰሉ። «ደንቦቹን ጠበቅህ?»

«ሦስቱንም። የጠፋሁትም ስለ ጠበቅሁ ነው።»

«ሦስተኛውንስ? ለሽማግሌው ምን አልኸው?»

«‹ዳኛው ይወቀው›።»

«ስንት ጊዜ?»

«አልቆጠርሁም፣ አያ። እስኪሰለቻቸው።»

አያ አዛናው ጢማቸውን አሹ። «በል እንግዲህ ተኛ» አሉ። «እኔም ልተኛ፤ አንጀቴ ገና መንገድ ላይ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ችሎቱ ሞላ። ሙፈቲሹ ፊቱ ቲማቲም የመሰለ፣ ወጣት፣ ዓረብኛውን ከመጽሐፍ የተማረ እንግሊዛዊ ነበር፤ ዓረብኛው እጅግ የጠራ ስለ ሆነ ሱዳኖቹ ለመረዳት ይቸገሩ ነበር። ወኪሉ ስድስተኛውን አንቀጽና የፖሊሱን መዝገብ አነበበ፤ በትሕትና ተቀመጠ። ሙሐመድጣሂር እግራቸው በጣውላ ታስሮ በአልጋ ላይ ተኝተው መጥተዋል። ሙፈቲሹ ለነጂው የሚናገርለት አለ ወይ ሲል አያ አዛናው ተነሡ። ኩታቸውን በአባቶች ወግ ወገባቸው ላይ አደገደጉ፣ ዱላቸውን ወደ ወኪሉ ቀሰሩና ገዳሪፍ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ ጮኹ፦

«ተጠየቅ!»

ወኪሉ ከወንበሩ ግማሽ ተነሣ። መነጽሩ ወደቀ።

«ምንድን ነው ያሉት?» አለ ሙፈቲሹ።

«እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እሱ ይመልሳል ማለት ነው» አሉ ሐጂ ኸሊል በዓረብኛ። «ጌታዬ፣ ድምፁን አይፍሩት፤ ሥርዓቱ ነው።»

«ይጠይቁ» አለ ሙፈቲሹ፣ ወንበሩን እየሳበ።

አያ አዛናው ዓረብኛቸው የኬላ ዓረብኛ ነው፤ ቢሆንም አልተደናቀፉም።

«ተጠየቅ! ሰው ጥፋቱን ካመነ በኋላ ምን ይቀረዋል?»

«መክፈል» አለ ወኪሉ።

«የሚከራከረው አለው?»

«ምን ይከራከራል? አምኗላ!»

«ዳኛ ዘንድ የሚሄድበት ጉዳይስ?»

«የለውም።»

«ይህን ቃሉን ይያዙልኝ፣ ጌታዬ።» ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲያ ይህ ልጅ ካመነ፣ ከሽማግሌው ጋር ተቋጥሮ ወዴት እየሄደ ነበር?»

ወኪሉ የወደቀ መነጽሩን አንሥቶ የፖሊሱን መዝገብ እንደ ገና ገለጠ።

«እኔ ልንገርዎ» አሉ አያ አዛናው፣ አሁን ድምፃቸውን እንደ አጫዋች ለስለስ አድርገው። «በእኛ አገር ኩታው የሚቋጠረው የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ሲኖሩ ነው። አንዱ ‹በድለኸኛል› ይላል፤ ሌላው ‹ይታይልኝ› ይላል፤ እስኪታይ አይለያዩም። ጥፋቱን ያመነ ሰውማ ምን ያስቋጥረዋል? ሽማግሌ ይልካል፣ ይክሳል፣ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ያመነ አይቆራኝም፣ ጌታዬ! ያ ቋጠሮ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ነገር ገና ዳኛ አላየውም ነው የሚለው።»

ሙፈቲሹ ብዕሩን አስቀመጠና ወደ አልጋው ዞረ። «ሸኽ ሙሐመድጣሂር፣ ነጂው ጥፋቱን አምኖልዎታል?»

«እሱ?» ሙሐመድጣሂር በክርናቸው ቀና አሉ። «ከዶካ እስከዚህ ድረስ ግመሌን ገደልህ ስለው ዳኛው ይወቀው ይለኛል። እግሬን ሰበርኸው ስለው ዳኛው ይወቀው። ‹ፀሐይ ወጥታለች ወይ?› ብዬ ብጠይቀው እሱንም ዳኛው ይወቀው የሚለኝ መስሎኝ ተውሁት። ውሃ አጠጥቶኛል፣ ደግፎኛል፣ ሐኪም ቤት አድርሶኛል፤ ማመንን ግን ከሱ አንድ ጭብጥ አላገኘሁም። ደግሞ እውነቱን ከጠየቅኸኝ፣ ግመሊቱን ያስደነበራት ያ ሳይቆም የሄደው ነው። ይሄኛው ቆመ። የቆመው ነው እንግዲህ የሚሰቀለው?»

ችሎቱ አጉረመረመ። ሙፈቲሹ ስድስተኛው አንቀጽ እንደ ገና እንዲነበብ አዘዘ። ወኪሉ በቀዘቀዘ ድምፅ አነበበ፦ «ጥፋቱን ለማንም ያመነ እንደ ሆነ…»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አያ አዛናው። ፊታቸው በርቶ ነበር። «እሱን ቃል ድገመው።»

ደገመው።

«ከዳኛ በፊት አትመን ማለት እኮ ነው! የኔ ሦስተኛ ደንብ ነው! ጌታዬ፣ ይህን ወረቀት የጻፈው ሰው ማን ነው? አባቱ ሳንጃ ችሎት ሳይቆም አልቀረም!»

ሙፈቲሹ ሳቁን በመሐረቡ ሸፈነው። ከዚያ ውሳኔውን ጻፈ፦ ነጂው ጥፋቱን አላመነም፤ መድኑ አልፈረሰም፤ የግመሏን ዋጋና የሽማግሌውን መታከሚያ መድን ቤቱ ይከፍላል፤ ሎሪው ለባለቤቱ ይመለሳል። ነጂውም እምነት የሚጣልበት ዋስ ካለው በሱዳን ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል።

«ዋስ አለህ?» አለው።

ፈረደ አፉን ሳይከፍት ከኋላው የለመደው ድምፅ ተሰማ። «ዋሱ እኔ ነኝ።»

ውጭ እንደ ወጡ ፈረደ የአያ አዛናውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። የሚለው ነገር ብዙ ነበር፤ እናቱ ሳንጃ እንዳለች፣ መተማን በሌሊት በሕልሙ እንደሚያየው፣ ከማክሰኞ ወዲህ አንገቱን ደጋግሞ እንደ ዳሰሰው ሊነግራቸው ነበር። «አያ…» ብሎ ጀመረ።

«ተው፣ ተው፤ ተነሣ!» አሉ አያ አዛናው። ምስጋና ሲመጣባቸው እንደ ሎሪ ይፈሩታል። «እኔን አታመስግን፤ ደንቡን አመስግን። ይልቅ ያንን ሽማግሌ ወደ አገሩ አድርሰው፤ ግመል የለውም።»

«አደርሳቸዋለሁ፣ አያ። እስካሉ ድረስ ባለፍሁ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ።»

«ደግ አደረግህ።»

በይግባኝ ላይ ወጡና ፈረደ ከጎናቸው በእግሩ እየሄደ በገበያው መካከል አለፉ። ቅዳሜ ስለ ነበር ገበያው ደምቋል። አያ አዛናው ከሙግት የተረፈውን ጉልበታቸውን በትምህርት ላይ አዋሉት።

«አየህ ልጄ፣ ከሦስቱ የሚከብደው የመጀመሪያው ነው። መቆራኘት ቀላል ነው፤ ዝም ማለትም ይለመዳል። መቆም ግን! የሰው ልጅ ጥፋት ሲሠራ እግሩ ከልቡ ቀድሞ ይሄዳል። ቆሞ የተገኘ ሰው፣ እሱ…»

በዚህ ጊዜ ሐጂ ኸሊል ሎሪያቸውን አስለቅቀው በደስታ ብዛት ጡሩንባውን ረዘም አድርገው ነፉት።

ይግባኝ ደነገጠች። ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ተመለሰች፤ በሦስተኛው እርምጃ ላይ ዳሌዋ ከሽንፋ የተሰደደችው የሸክላ ነጋዴ የሻረግ ከደረደረችው ማድጋ ላይ አረፈ። ሦስት ማድጋዎች ተንኮታኮቱ። የሻረግ ራሷ ጥቂት ራቅ ብላ ከጨው ሻጯ ጋር ስትሟገት ጀርባዋን ሰጥታ ነበር፤ አላየችም።

አያ አዛናው ወደ ቀኝ አዩ። ወደ ግራ አዩ። ወደ ፈረደ ግን አላዩም። ከዚያ በሁለት ተረከዛቸው የበቅሎዋን ጎን ነረቱት፤ በሕይወቷ ወደ ተነሣችበት ሳትዞር ከሃምሳ እርምጃ በላይ ሄዳ የማታውቀው ይግባኝም፣ ገበያውን ሰንጥቃ ቀጥ ብላ ጋለበች።

«ኧረ ማነው? ማነው ሸክላዬን?» የሻረግ እየሮጠች መጣች። ከስባሪው አጠገብ የቆመ ሰው አንድ ብቻ ነበር። «አንተ ነህ የሰበርኸው?»

ፈረደ የነጩን ኩታ ጫፍ በገበያው ማዕዘን ሲሰወር እያየ የራሱን ኩታ ጫፍ ፈልጎ ዘረጋላት።

«ቋጥሪው፣ እቴ» አለ። «የሰበረውን ዳኛው ይወቀው። ዋሱ ግን እኔ ነኝ።»